ስለ አንዲት ፍሬ ሲጋራ የዘገየ እርማት

የትምባሆ ቁጥጥሩ በጀት የተለቀቀው በሰኔ ነበር። የመንግሥት በጀት ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል፤ እስከዚያ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ገንዘብ የመለሰ መሥሪያ ቤት ደግሞ ለከርሞ ሲጠይቅ «አምናም ተርፎህ ነበር» ይባላል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በዕቅድ ወረቀት ላይ ተኝቶ የከረመው ቁጥጥር በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ነቃ። መኪና ተመደበ፤ ነዳጅ ተቀዳ፤ አበል ጸደቀ። እኔም ለሬዲዮ ጣቢያችን ዜና እንድሠራ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ።

ሦስት ነበርን። ተቆጣጣሪው ረጋ ያለ፣ ቅጾቹን በላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ የሚይዝ የጤና ባለሙያ ነው። ሾፌሩ የሸዋ ሮቢት ሰው ነው፤ ቆላ ተወልዶ ያደገ በመሆኑ ከደጋው ጣርማ በር ላይ በብርድ መንቀጥቀጥ ጀምሮ እስክንመለስ አላቆመም። ሞላሌን አልፈን ወደ አንዲት ትንሽ የመንዝ ከተማ አመራን። ስሟን አልጽፍም። ሲጋራ የሚገኝባቸው ሱቆች አራት ብቻ ስለነበሩ የከተማዋን ስም መጻፍ የሰዎቹን ስም መጻፍ ነው።

ቁጥጥሩ ድንገተኛ ነበር። ድንገተኛ መሆኑም አስቀድሞ ለወረዳው በደብዳቤ ተገልጿል፤ ለቀበሌው ግልባጭ ደርሷል፤ ቀበሌውም በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ አስነግሯል። ገና ከመኪና ስንወርድ አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ «የሲጋራዎቹ ናችሁ? ረቡዕ ነበር እኮ የተባለው፤ ስንጠብቅ ዋልን» ብለው ወቀሱን።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሱቆች ምንም አልተገኘም። ሕጉ ሲጋራ ለዕይታ እንዳይደረደር ያዛል፤ እዚያ አገር ግን ቀድሞም የሚደረድር የለም። ትምባሆ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው ሲባል እየሰማ ባደገ ሕዝብ መካከል ባለሱቁ ፓኬቱን ከጨው ጆንያ ሥር የሚደብቀው የንስሐ አባቱን ፈርቶ ነው። የሚያጨሰውም ፓኬት ይዞ ቤቱ መግባት አይሆንለትም። አንዲት ፍሬ ገዝቶ ከአጥር ጀርባ ያጨሳል፤ ከዚያ አፉን ተጉመጥሙጦ ይገባል። ሕጉ ደግሞ በፍሬ መሸጥን ይከለክላል። እንዲህ ሆኖ ከተማዋ አንዱን አንቀጽ በሐፍረቷ ስታከብር ሌላውን በዚያው በሐፍረቷ ስትጥስ ኖራለች።

ቅጹ «የገዢውን ዕድሜ በመታወቂያ ያረጋግጣሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው ባለሱቅ «የማንን ዕድሜ? የግማሾቹ ክርስትና አባት እኔ ነኝ» አለ። ተቆጣጣሪው ጥቂት አሰበና «ያረጋግጣል» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገ።

የሐዋርያት ጾም ነበርና ምሳ ሽሮ እየበላን ተቆጣጣሪው ተከዘ።

«ምንም ካላገኘን ችግር የለም ይሉና በጀቱን ያጥፉታል» አለኝ። «ብዙ ካገኘን ደግሞ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ይሉናል።»

«ስንት ቢገኝ ጥሩ ነው?»

«አንድ» አለ ሳያመነታ። «አንድ መልካም ነው።»

አራተኛው ሱቅ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ነው። ባለቤቷ ስድሳን ያለፉ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው በዚያች ሱቅ ይተዳደሩ ነበር፤ የንግድ ፈቃዳቸው ከተነጠቀ ሌላ መያዣ መጨበጫ አልነበራቸውም። ይህንንም የነገረችን ምሳ ያቀረበችልን ሴት ናት፤ ተቆጣጣሪውም ሰምቷል። ግን መመሪያው የሙከራ ግዢ ይደረግ ስለሚል ፊቱ የማይታወቅ ሰው መላክ ነበረበት። መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ዘጋቢ በሚዘግበው ነገር ውስጥ እጁን አያስገባም አልሁት። ሾፌሩ ተላከ። በዕድሜው ሲጋራ ከአፉ ገብቶ አያውቅም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም አየሁ።

«እናቴ፣ አንድ ፍሬ ሲጋራ ይኖራል?»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ከየት ነህ አንተ?»

«ከሸዋ ሮቢት።»

«ወይኔ ልጄን! ጋቢ እንኳ ሳትይዝ ነው በዚህ ክረምት የወጣኸው?» ጎንበስ ብለው ከጆንያው ሥር አንዲት ፍሬ አወጡ። እሱ ብር ሲዘረጋ እጁን መለሱት። «ተው! ለአንዲት ፍሬ ከእንግዳ ገንዘብ ልቀበል? ብርድ እየገደለህ! ኃጢአቱን ግን ራስህ ተሸከመው፤ እኔን እንዳታስገባኝ።»

ተቆጣጣሪው ቅጹን ይዞ ገባ፤ ማንነቱንም ነገራቸው። አልደነገጡም።

«አልሸጥሁም» አሉ። «ጠይቀው፤ ይኸው ብሩ በእጁ ነው። በነጻ ነው የሰጠሁት።»

ተቆጣጣሪው ቅጹን ገለበጠ። ሲያነብ ፊቱ ሲለዋወጥ ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁ። በፍሬ የሸጠ ለመጀመሪያ ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። በነጻ የሰጠ ግን ትምባሆን እንዳስተዋወቀ ይቆጠራል፤ ፈቃዱ ይታገዳል።

ይህን ገና ሳይናገር ሱቁ በምስክሮች ተሞላ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንድ አዛውንት ቄስ ቆሙ፤ ሁለት ሽማግሌዎችም ተከትለው ገቡ።

«እሳቸው መቼ ሸጠው ያውቃሉ!» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «መኪና ስጠብቅ ለእኔም በነጻ ነው የሰጡኝ።» ቄሱ ዞር ብለው አዩአቸው። «ድሮ ነው፣ መምሬ። በጣም ድሮ።»

«ለሾፌር ሁሉ ይሰጣሉ!» አሉ ሁለተኛው። «እንዲህ ያለ ደግ ሴት ከየት ይገኛል?»

«አባቴ፣ እባክዎ አይመስክሩላቸው» አለ ተቆጣጣሪው። «በመሰከሩላቸው ቁጥር ቅጣቱ እየከበደ ነው።» ከዚያ ሕጉን አስረዳ።

«እንግዲያው መሸጥ ይሻላል ነው የምትለን?» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ።

«መሸጥም ክልክል ነው።»

«ታዲያ ምን ያድርጉ?»

«አለመስጠት ነዋ።»

«ለእንግዳ?» አሉ ሽማግሌው፤ የሰሙት ነገር ከትምባሆውም የባሰ ነውር ይመስል።

ተቆጣጣሪው ወደ ሴትዮዋ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ሸጥሁ ይበሉ። ማስጠንቀቂያ ብቻ ጽፌ እሄዳለሁ።»

«እኔ? ብርድ ከመታው እንግዳ ሳንቲም ለቀምሁ ብዬ ልፈርም? ነገ ዕድርተኛው ምን ይለኛል? የባሌ አጥንት ምን ይለኛል?»

«ፈቃድዎ ይወሰዳል እኮ!»

«አልዋሽም አልሁህ።»

ከዚያ ቄሱ ሾፌሩን «ብሩን ከባንኮኒው ላይ አኑረው» አሉት። አኖረው። «አንቺ ለራስሽ አትንኪው፤ ለጧፍ ይሆናል፤ እኔ እወስደዋለሁ። እንግዲህ ሲጋራዋ ከእሷ እጅ ወጥታለች፤ ብሩም ከዚህ ልጅ እጅ ወጥቷል። መንግሥት ይህን ምን ይለዋል?»

«ሽያጭ!» አለ ተቆጣጣሪው ፈጠን ብሎ።

«ጻፈው እንግዲህ። ውሸቱ የሷ አይደለም፤ የናንተ ነው።»

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው፣ ወረቀቱን ሳያዩ ጣታቸውን አተሙ። ተቆጣጣሪው በምስክርነት እንድፈርም ለመነኝ፤ ዘጋቢ አይፈርምም አልሁት፤ በዚህም እስከ ከተማዋ መውጫ ድረስ ኮርቻለሁ።

ዜናውን የጻፍሁት ግን እኔ ነኝ። «አንዲት ነጋዴ ሲጋራ በፍሬ ሲሸጡ በመገኘታቸው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል።» ያየሁትን ብጽፍ ፈቃዳቸው ይሄድ ነበር። ዝም ብል የጣቢያው ዜና ባዶ ይሆን ነበር፤ ይህንንም የምጨምረው በደግነት ብቻ ጻፍሁት እንዳልል ነው። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ የጻፍሁት ዜና እሱ ብቻ ነው፤ ከሰነድ ጋር አንዲት ፊደል ሳይዛነፍ የተስማማ ዜናም እሱ ብቻ ነው። ማንም እርማት አልጠየቀም። ጥሰት በመገኘቱ የቁጥጥሩ በጀት ለከርሞም ጸደቀ።

በዓመቱ ለሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ ወደ አራተኛው ሱቅ ገባሁ። ሴትዮዋ ወዲያው አወቁኝ።

«ሸጠች ብለህ በሬዲዮ ያስነገርኸው አንተ ነህ?»

«ስም አልጠራሁም፣ እማማ።»

«ስንት ሱቅ አለና ነው ስም የሚያስፈልገኝ? አሁን ለመንገደኛ ቆሎ ስዘረጋ ስንት ነው ይለኛል! እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ስህተት ነበር በልልኝ።»

ስህተት ነበር ካልሁ ያ ወረቀት እንደገና እንደሚከፈት፣ ፈቃዳቸውም እንደሚታገድ አስረዳኋቸው። ሳሙናውን፣ ዘይቱን፣ ብስኩቱን አንድ በአንድ አዩት።

«እንግዲያው ሱቁን ስዘጋ ትናገራለህ» አሉ።

«እናገራለሁ።»

ባለፈው መስከረም ጉልበታቸው ስለደከመ ፈቃዳቸውን መልሰው ሱቁን መዝጋታቸውን ሰማሁ። የሬዲዮ ጣቢያው ኃላፊ እንዲህ ላለ አሮጌ ነገር የአየር ሰዓት የለንም ስላለኝ እዚህ እጽፈዋለሁ። በዚያ ዜና ላይ ሴትዮዋ ሲጋራ ሸጠዋል የተባለው ትክክል አልነበረም። አልሸጡም። ብርድ ለመታው እንግዳ በነጻ ሰጥተዋል፤ ብር ሲዘረጋላቸውም እጁን መልሰዋል። በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ።