አያቴ ሁለት ጊዜ ተቆጥረዋል

ትናንት ከሰዓት በኋላ... ዳባት፣ እኛው ሳሎን ውስጥ፣ የታላቅ እህቴን ጋብቻ በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ላፈርሰው ነበር።

ከደባርቅ የመጡት የሙሽራው ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ዘር ለመቁጠር ተቀምጠዋል። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። የቤተሰባችንን ታሪክ እየጻፍኩ ስለሆነ የእኛን ወገን የማነበው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ምንጭ ሳልጠቅስ የሰው ስም አላነሣም።

«አያታችን ተድላ» ብዬ ጀመርኩና የግርጌ ማስታወሻውን አነበብኩ። «በሕዝብ ቆጠራው ዕለት የተገኙበት ስፍራ፣ ወህኒ ቤት። የተመዘገቡት፣ በእስረኛነት።»



ትልቁ አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባታችን ያን ጊዜ መንነው ነበር» እያሉ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው።

«ገዳም ነው የነበሩት!» አሉ።

«ጋሼ፣ ገዳም የሚል ምንጭ ካለዎት በደስታ እጨምራለሁ።»

እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሳለች። ጉንፋን የላትም።

የሙሽራው አጎት ጋሽ ደሳለኝ ግን ቀና አሉ። «ተድላ? ችሎት ላይ ዳኛውን "ማስረጃህን ጥቀስ" እያለ አስቸግሮ የታሰረው?»

ቤቱ ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

«እኛ ቤት እኮ ነበር የሚያመሸው!» ቀጠሉ ጋሽ ደሳለኝ። «የወህኒው አዛዥ አባቴ ነበሩ። ማታ ማታ እያወጡ ያመጡትና እኛን ልጆቻቸውን ዳዊት ያስደግመን ነበር። ቀን ወህኒ ቤቱን የቆጠሩት ሰዎች ማታ እኛ ቤት ሲመጡ፣ ተድላ ከእኛ ጋር እራት ላይ ነበር! አባቴ ደነገጡ። እስረኛ ማውጣታቸው ሊታወቅ ነው...»

«ምን ብለው አስመዘገቧቸው?» እስክሪብቶዬን አዘጋጀሁ።

«ታናሽ ወንድሜ ነው ብለው።»

እጄ ቆመ። በዚህኛው ቆጠራ መሠረት ሙሽራውና እህቴ የወንድማማች የልጅ ልጆች ናቸው። ሰባት ቤት ልንቆጥር ተቀምጠን ገና ከደጃፉ ተጋጨን።

አጎቴ ነፍስ ዘሩ። «በይ እንግዲህ! በመዝገብ ወህኒ ካስገባሻቸው፣ በመዝገብ ወንድምም ይሁኑ! ምረጪ!»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳሉ ቆመ... ይህ ከሳሉ ይብሳል።

«ቆጣሪው ሰውየውን በዓይኑ ስላየ የት እንደነበሩ ይመሰክራል» አልኩ። «ማን እንደ ወለዳቸው ግን የነገሩትን ነው የጻፈው። የነገሩት ደግሞ የፈሩ ሰው ናቸው።»

«እውነቷን ነው፤ አባቴ ዋሽተዋል። እኔ ምስክር!» አሉ ጋሽ ደሳለኝ እየሳቁ። «ቀን ቁረጡ!»

ቀን ተቆረጠ። አጎቴ ሲወጡ ጠጋ ብለው «ገዳሙንም የሆነ ቦታ አስገቢልኝ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ወንድም» የሚለውን ሁለተኛውን መዝገብ ፈልጎ መጥቀስ ግዴታዬ መሆኑን አልክድም፤ ፍለጋውን ከሠርጉ መልስ ማግስት እጀምራለሁ።