የእሑድ ጭቃ

በኡራጓይ ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች መንደር ግንበኛው ዴልሚሮ እጁን ያላሳረፈበት አሮጌ ቤት የለም። ስድሳ ዓመት አልፎታል። ወገቡን ያመዋል፤ የሚያመው ግን ጭቃ ሲረግጥ ሳይሆን ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ነው። በሰው ደጅ ሲያልፍ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ባለቤቱን ነው እያሉ ይቀልዱበታል። ሐሰትም አይደለም።

የዶኛ ኦሊንዳ ቤት እንደ መንደሩ አሮጌ ቤቶች ሁሉ ጡቡ የተያያዘው በጭቃ ነው። ሟች ባላቸው አሸንዳው ያፈሰሰበትን ቦታ በሲሚንቶ ለስነውት ነበር። ውሃው መውጫ አጥቶ ጭቃውን ከውስጥ አሟሟው፤ የደቡቡ ግድግዳም ከዓመት ወደ ዓመት ሆዱን ገፋ። ልጃቸው አልሲዴስ ከከተማ መጥቶ አየና፦

«ሰኞ ስመለስ ይህ ግድግዳ ደህና ሆኖ ካልጠበቀኝ፣ እማዬ፣ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍልሽ ተዘጋጅቷል» አለ።

«ዶሮዎቼስ? በአሳንሰር ሊወጡ ነው?» አሉ ዶኛ ኦሊንዳ። ከዚያ ግን ቀኑን ሙሉ አልቀለዱም።

ዴልሚሮ ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ግንድ ደገፈ። ሆድ ያወጣውን ግድግዳ ጡብ በጡብ አፈረሰ፤ እያንዳንዱን ጡብ እያንኳኳ ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠውን አስቀረ፣ የታፈነውን ጣለ። ጭቃውን ከፈረስ ፋንድያ ጋር ረግጦ እንደገና መገንባት ጀመረ። ቅዳሜ ማታ ከጣሪያው ተሸካሚ ሥር በር የሚያህል ክፍተት ብቻ ቀረው። ሬዲዮው ደግሞ እሑድ ማታ ከደቡብ የነፋስና የዝናብ ማዕበል እንደሚመጣ ይናገር ነበር። ነፋስ የሚነዳው ዝናብ በዚያ ክፍተት ከገባ አዲሱን ጭቃ አጥቦ ይወስደዋል።

«ነገ እዘጋዋለሁ» አለ።

«ነገ እሑድ ነው።»

«ማዕበሉ እሑድን አያውቅም፣ ዶኛ ኦሊንዳ።»

«ኦርኔሮ ግን ያውቃል!»

ኦርኔሮ ምድጃ የመሰለ ቤት ከጭቃ የሚሠራ ቡናማ ወፍ ነው። አንዱ በደጃፋቸው ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ጀምሮ ግማሽ አድርሶ ነበር። እሑድ ሥራ አይነካም ይባላል፤ ይህን የማያምን ሰው በመንደሩ አይገኝም።

«ወፍ ያከበረውን ሰንበት አንተ ልትሽር? በእኔ ቤት አይሆንም!» ብለው የግንበኛ ማንካውን፣ ቱንቢውንና ሲባጎውን ማድቤት ቆለፉበት።

ዴልሚሮ ወደ ቤቱ ሲሄድ ምሰሶውን ቀና ብሎ አየ። ወፉ ሥራ ካቆመ ሰንብቷል፤ ሰኞም ማክሰኞም አልሠራም። ዝናብም ከጠፋ ሰንብቷል። ዴልሚሮ ለራሱ ፈገግ አለ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ መጥቶ በጭቃው ክምር ላይ ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋበት። ዶኛ ኦሊንዳ ከቅዳሴ ሲመለሱ ከምሰሶው ማዶ ተቀምጦ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ ሲምግ አገኙት።

«ምን ትሠራለህ?»

«ምንም። ወፉ ካልሠራ አልሠራም። ከሠራስ?»

«ዕድሜ ልኬን እሑድ ጠዋት ሲሠራ አላየሁትም!»

«ዕድሜ ልክዎን እሑድ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ!» አሉ። ከዚያ ወንበር አምጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

ወፉ ምሰሶው ላይ ሆኖ ዘፈነ። «አየኸው? እያመሰገነ ነው» አሉ። ደመናው ከደቡብ መጥቆር ጀመረ፤ ዴልሚሮን ወገቡን ያመው ጀመር። ወፉ ወርዶ በጓሮው እንደ ጌታ ተንጎራደደ። ጭቃው ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ሊጠጣ ነው» አሉ ዶኛ ኦሊንዳ።

ኦርኔሮው አፉን ሞልቶ ጭቃ ዘገነና ወደ ምሰሶው በረረ። ተመልሶም ደገመ።

ዶኛ ኦሊንዳ አማተቡ። «ሃይማኖት የለሽ!» ብለው ወደ ምሰሶው ጮኹ። ከዚያ ከጉያቸው ቁልፉን አወጡ። «አንተስ ምን ተጎልተሃል? ወፍ ሊቀድምህ ነው እኮ!»

ያን ቀን ዶኛ ኦሊንዳ ራሳቸው ጡብ እያራሱ አቀበሉት፤ ጠማማ ነው፣ ቀና ነው እያሉም ተጨቃጨቁት። ጭቃውን ሦስት ሆነው ተካፈሉት፤ ሌባው ወፍ አልደነገጠም፣ የሚያባርረውም አልነበረም። ዴልሚሮ የመጨረሻውን ጡብ ከተሸካሚው ሥር በመዶሻ እጀታ ገፍቶ ሲያስገባ የመጀመሪያው ጠብታ አንገቱ ላይ አረፈ። የግድግዳውን ፊት በሸራ ጋርደው ወደ ውስጥ ሮጡ።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ ገና አላባራም ነበር፤ ስለዚህ ቤቱ በቶርታ ፍሪታ ሽታ ተሞልቷል፤ ያቺ ጥብስ ሊጥ የምትበላው ዝናብ ሲዘንብ ነው። አልሲዴስ ለእናቱ ልብስ ባዶ ሻንጣ ይዞ መጣ። ሸራውን ገልጦ ግድግዳውን አየ፤ በመዳፉ ተጫነው፤ ቀጥሎ በትከሻው ተደገፈው። አልነቃነቅ አለው።

«መቼ ጨረሳችሁት?»

ዴልሚሮ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«ወፉን ጠይቀው» አሉ እናቱ፣ ሳህኑን እየገፉለት። «ብላ፣ ሳይበርድ።»

አልሲዴስ ሻንጣውን በር ላይ ትቶ ተቀመጠ። ስለ ሦስተኛው ፎቅ ሳያነሳ ሦስተኛዋን ጥብስ አነሳ።