የመምህራችን የክርስትና ስም

መምህራችን ማረፋቸውን የሰማሁት እዚህ ጂግጂጋ፣ ከሥራ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ ነው። በፍኖተ ሰላም በኩል ስልክ ተቋርጦ ከርሞ ገና መሥራት የጀመረ ሰሞን ነበር። የደወለችልኝ ፍኖተ ሰላም አብረን የተማርን ልጅ ናት፤ አሁን ቡሬ ትነግዳለች። ሰላምታውን አሳጥራ፣ "ቲቸር አርፈዋል እኮ፤ አልሰማሽም አይደል?" አለችኝ። ስኳር ነበረባቸው። በጦርነቱ መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒቱ ከከተማው ጠፋ። የቀበሯቸው ጎረቤቶች ናቸው ብላ ነገረችኝ፤ እሷም ከሰው ነው የሰማችው።

በማግስቱ ጸሎት እንዲደረግላቸው ልለምን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ካህኑ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁኝ። እኛ "ቲቸር" ነበር የምንላቸው፤ የማውቀውም የዓለም ስማቸውን ብቻ ነው። ካህኑ አልተቆጡኝም፤ ፈልጌ እንዳመጣ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ እየፈለግሁ ነው።

አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ኮምፒውተር ያስተማሩን እሳቸው ነበሩ። ከወሎ በኩል የመጡ ናቸው ይባላል፤ ዘመድ ሲጠይቃቸው ግን አይተን አናውቅም። ኮምፒውተሮቹ አቡጄዲ ለብሰው ይቀመጡ ነበር። መብራት የሚመጣው አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ በጠፋ ቀን እሳቸው ራሳቸው ኮምፒውተር ይሆኑልናል። እኛ ትእዛዙን በወረቀት እንጽፋለን፤ እሳቸው ያነቡና የተጻፈውን ብቻ ያደርጋሉ።

ተራዬ ሲደርስ ከሰሌዳው ተነስተው በሩ ጋ እንዲቆሙ ማዘዝ ነበረብኝ። "ሂድ" ብዬ ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ። እኛ ቤት ታላቅን አንተ ያለ የለም። "እባክዎ ወደ ፊት ይራመዱ" ብዬ ጻፍኩ። ይቁሙ ማለቱማ ጭራሽ ድፍረት መሰለኝና ተውኩት፤ መቼም በሩ ጋ ሲደርሱ ራሳቸው ይቆማሉ ብዬ።

አልቆሙም። ዝናብ ይዘንብ ነበር። በሩን አልፈው፣ ሰንደቁን አልፈው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የበቆሎ ማሳ ቀጠሉ። ክፍሉ በሙሉ መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። አንዱ ከኋላ፣ "ምነው አንቺ፣ ማንኩሳ ልታደርሻቸው ነው እንዴ?" አለኝ። ወረቀቴን ይዤ እየሮጥኩ ደረስኩባቸውና ዝናቡ ውስጥ "ቁም" ብዬ ጻፍኩ። ያኔ ቆሙ።

"ማሽን ይሉኝታ አያውቅም፣ አንቺ ልጅ" አሉኝ የኮታቸውን እጅጌ እየጨመቁ፤ "የምትፈልጊውን ካልነገርሽው ገደል ይገባልሻል።"

ሸሚዛቸው ርሶ አንገታቸው ላይ ተጣብቆ ማዕተባቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ክርስትና መነሳታቸውን በዚህ አውቃለሁ። ስማቸውን ግን ማን ይጠይቃል? ተማሪ መምህሩን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።

ዛሬ ቢሮ ተቀምጬ የምበላው እንጀራ እሳቸው ካስተማሩኝ የመጣ ነው። አከራያቸው ጋ ብደውል ስልኩ አይነሳም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ መምህራኑ ተበትነዋል። አንዱን አግኝቼ ብጠይቃቸው፣ እኛም ከዓለም ስማቸው ሌላ አናውቅም አሉኝ። ፍትሐቱን ያደረሱላቸው ካህን እዚያው አገራችን ወደ ሊበን ገጠር ሄደዋል ይባላል፤ በምን ልድረስባቸው? ቀብሩ የተፈጸመው ተኩስ እየተሰማ፣ በጥቂት ሰው፣ በጥድፊያ ነው አሉ። ወላጆቻቸው በሕይወት ካሉ፣ መሞታቸውን መስማታቸውንም እንጃ።

አርባቸው አለፈ። እኔ በግል ጸሎቴ "መምህሬ" እያልኩ አስባቸዋለሁ፤ ማንን እንደምል እግዚአብሔር ያውቃል። ቢሆንም እንደ ማንኛውም ክርስቲያን በስማቸው ይጸለይላቸው። ቢያንስ ለሙት ዓመታቸው ይድረስልኝ።

ገላቸውን ያጠባችሁ፣ ቃሬዛቸውን የተሸከማችሁ፣ ፍትሐቱ ሲደርስ በቅርብ የቆማችሁ፤ ካህኑ ማን ብለው ጠሯቸው? ገብረ ይሁን፣ ወልደ ይሁን፣ ኃይለ ይሁን፣ ግማሹን እንኳ የሰማ ጆሮ ካለ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።