የተሳመው ጉልበት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፤ መጠጣቴን፣ ሴት መከተሌን፣ አለቃዬን ማማቴን ሁሉ ዘክዝኬላቸዋለሁ። ይህችን ግን በየዓመቱ እዘላታለሁ። እሳቸው ፊት ያልደፈርሁትን እናንተ ፊት የደፈርሁት ስለማታውቁኝ ነው። ፈሪ ሰው ሲናዘዝም ሰው ይመርጣል።

ጥፋቱን የሠራሁት ጨዋታ ላይ ነው፤ ያውም ፍሪዝቢ። አዎ፣ ያ የፕላስቲክ ሳህን። ሁለት ቡድን እየተቀባበለ ይወረውረዋል፤ ከመስመሩ ማዶ ሆኖ የቀለበው ነጥብ ያገኛል፤ መሬት ከነካ ለተጋጣሚ ያልፋል። ዳኛ የለውም። ያጠፋ ራሱ «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሳህኑ ወደ ወርዋሪው ተመልሶ እንደገና ይጣላል። አሠልጣኛችን ይህን «የጨዋታው መንፈስ» እያለ ሲሰብከን ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። እኔ በሆዴ እስቅበት ነበር። ዳኛ ቆሞ እያየው የሚያጭበረብር ሰው ዳኛ ሲነሣለት መልአክ ይሆናል?

ክረምቱን የእኛ ኮሌጅና የሌላ ኮሌጅ ልጆች ሐይቁ ዳር ካለው ሣር ላይ አብረን ተለማመድን፤ ሳህኑ ጥቂት ስለነበር። ይበልጣልን ያወቅሁት እዚያ ነው። የሌላኛው ኮሌጅ ልጅ ነው፤ ደቅ ደሴት ተወልዶ ያደገ፣ የመሪጌታ ልጅ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲሮጥ ማዕተቡን በጥርሱ የሚይዝ። አንድ ቀን መሬት መንካቱን ማንም ያላየውን ሳህን ቀልቦ ተነሣና «ነክቷል» ብሎ ለእኛ ሰጠን። የራሱ ጓደኞች ሰደቡት። እኔም ናቅሁት። ለምን እንደናቅሁት ያኔ አልገባኝም፤ እንዲህ ያለ ሰው አጠገብህ ሲቆም ምን እንደምታክል ይታወቅሃል፤ ለዚያ ነው።

እኛ የከተማ ልጆች ማርያምን ሳንጠራ ሰላምታ እንኳ አንሰጥም። «ማርያምን አርፍጄ አይደለም፣ ማርያምን አልሰማሁም።» ይበልጣል አንድም ቀን ሲምል አልሰማሁትም። ውኃው ዳር ተቀምጠን ጠየቅሁት። «አባቴ አትማል ብለው ነው ያሳደጉኝ። እውነት ከሆነ ቃሌ ይበቃል፤ ሐሰት ከሆነም ስሟን ለምን አነካካለሁ?» አለኝ። አምኖ ነበር የነገረኝ። እኔ ግን ያዝሁበት።

ጥቅምት ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር ደረሰ። ሐይቁ ሞልቶ ሣሩን ስላጥለቀለቀው የእኛ ኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጩኸቱ ጆሮ የሚበጥስ። ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ጨዋታው ገብቶት አይደለም፤ የሚጮህበት አጥቶ ነው። ከዚያ ሁሉ ጯሂ መካከል ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ አዛውንት ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የይበልጣል አባት ናቸው፤ ልጃቸው ትምህርቱን ትቶ የሚያባርረው ሳህን ምን እንደሆነ ሊያዩ ከደቅ በጀልባ መጥተዋል።

ፍጻሜው ላይ ሁለቱ ኮሌጆች ተገናኘን። እኩል ሆንን፤ ቀጣዩን ነጥብ ያገኘ ለሚቀጥለው ውድድር አዲስ አበባ ይሄዳል። ከመስመሩ ማዶ ቆሜ ሳህኑ ወደ እኔ ተወረወረ። አጠረብኝ። ተወርውሬ ደረስሁበት፤ ግን ከእጄ በፊት ሲሚንቶው ደረሰበት። ጠርዙ ወለሉን ሲፍቀው በጣቶቼ ተሰማኝ። አውቄያለሁ። ደግሜ ልበለው፦ አውቄያለሁ። ሳህኑን ይዤ ተነሣሁ፤ ጉልበቴ ተልጦ ደም ይወርዳል። አዳራሹ አበደ። ሰው ደም ሲያይ እውነት ያየ ይመስለዋል።

አጠገቤ የነበረው ይበልጣል ብቻ ነው። «መሬት ነክቷል» አለ ቀስ ብሎ። «አልነካም» አልሁ።

በሕጉ ሳህኑ ተመልሶ እንደገና ይጣላል፤ በቃ። አሠልጣኛችን «ልጆች፣ ተነጋገሩ» አለና ጣሪያውን ማየት ጀመረ። የመንፈሱ ሰባኪ! እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ «ማርያምን ነክቷል ይበል፤ እተውለታለሁ» አልሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ አላመለጠኝም፤ እኔው ነኝ የላክሁት። እንደማይምል አውቃለሁ።

«ማል! ማል!» ብሎ አዳራሹ ተነሣ።

«ነክቷል ብያለሁ። መማል ግን አልምልም» አለ።

«ማርያምን አልነካም!» አልሁ እኔ።

ፊቱ ተለወጠ። ጥርጣሬ ይሁን ድንጋጤ አላውቅም፤ የራሱን ዓይን የተጠራጠረ መሰለኝ። «በስሟ ከማልህስ፣ ይሁን፣ የእናንተ ነው» ብሎ ዞረ። ሕዝቡ «ውሸታም! ውሸታም!» እያለ ሸኘው። የገዛ ጓደኞቹ ትከሻውን ገፍተውት አለፉ። እኔን ተሸከሙኝ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሌባ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ሌባ በየመንደሩ አለ። የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

ውጭ ስንወጣ መሪጌታ ልጃቸውን አስከትለው ወደ እኔ መጡ። እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የጨዋታችሁን ሕግ አላውቅም። በእመቤታችን ስም የማለን ሰው ግን ዋሸ አልልም። ያጠፋው የእኔው ልጅ ነው፤ በሰው ፊት ተሟግቶሃል። ይቅር በለው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ጉልበቱን ሳም» አሉት።

ይበልጣል አየኝ። አንድ ቃል ቢናገር አባቱ ፊት ስሟን በሐሰት የጠራሁ እሆናለሁ። እሱ ግን ጎንበስ አለ።

ሰው ጉልበት ሊስም ሲጎነብስ ሳይደርስ ይነሣል። «ኧረ በሕግ፣ አይደረግም» ተብሎ ክንዱ ይያዛል። ይህን የማያውቅ የአገሬ ልጅ የለም። እኔ ክንዱን አልያዝሁም። ጓደኞቼ ያያሉ፤ ባነሣው የተጸጸትሁ እመስላለሁ ብዬ ቆምሁ። ወርዶ፣ ወርዶ፣ በውሸት የተላጠውን ጉልበቴን ሳመው። ሲነሣ ከንፈሩ ላይ ደሜ ነበር። «ይቅር ብዬሃለሁ» አልሁት።

እኔ! ይቅር አልሁት! ከዚህ የባሰ ንቀት ታውቃላችሁ?

አዲስ አበባ ሄደን በመጀመሪያው ጨዋታ መሳቂያ ሆነን ተመለስን። ይበልጣል ግን ከዚያ ወዲያ ሳህን አልነካም። ዋሸ፣ ከዳን ብለው ቡድኑ ውስጥ የሚወረውርለት ጠፋ። አሁን አንበሳሜ ከተማ መምህር ነው አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ብዙ ሌሊት አልፏል፤ የሚያጠራው ሰው እኔው ስለሆንሁ እስካሁን እንደደፈረሰ ነው።

ልጅ ነበርሁ አልልም። ሕዝቡ ገፋፍቶኝ ነው አልልም። ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ ትሉኝ ይሆናል። አንበሳሜ ሩቅ አይደለም፤ ደቅም ጀልባ አለ፤ መሪጌታም በሕይወት አሉ። አልሄድሁም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከሄድሁ ጉልበታቸውን ልስም እጎነብሳለሁ። እነሱ ደግሞ ወግ ያውቃሉ፤ ከንፈሬ ሳይደርስ ክንዴን ይዘው ያነሡኛል።