አባ ጀርባ የሰጡኝ ቀን

ከደባርቅ በብስክሌት እንጀራ የበላሁ የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ። ኋላ ለብሔራዊ ቡድን ተመርጬ ባሕር ማዶ ሁሉ ተወዳድሬአለሁ። ይህን ስናገር አንገቴን አልደፋም፤ ትሕትና ለሚችልበት ይሁን።

በእኛ አገር መስቀል የያዘ ቄስ እንዲሁ አይታለፍም። በቅሎኛው ከበቅሎው ይወርዳል፤ እኔም ልምምድ ላይ ቄስ ባየሁ ቁጥር ከብስክሌቴ ወርጄ እሳለም ነበር። የክለባችን አሰልጣኝ የከተማ ሰው ነውና በዚህ ይበግናል። ክለብ በገባሁ ዓመት ዳባት ላይ ስንወዳደር ከፊተኞቹ ጋር እየሄድሁ አንድ ቄስ አየሁና ወረድሁ። ተሳልሜ ቀና ስል ሁሉም ጥለውኝ ሄደዋል። አሰልጣኙ ሁለተኛ ከወረድሁ ከክለቡ እንደሚያሰናብተኝ ቁርጡን ነገረኝ።

የሚቀጥለው ውድድር መድረሻው ደባርቅ ሆኖ አረፈው። መጨረሻው ዳገት ላይ ደግሞ የንስሐ አባቴ ቤት አለ። ከተማው በቁምጣዬ ሲያማኝ አንድም ክፉ ቃል ያልወጣቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸውን አልፌ ከምሄድ ክለቡ ይቅርብኝ ብዬ ቆረጥሁ።

ከሁለት ተወዳዳሪዎች ጋር ከሌሎቹ ተነጥለን ዳገቱን ጀመርን። አባ ጋቢያቸውን ለብሰው መስቀላቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል። እጄን ወደ ፍሬኑ ሰደድሁ። እሳቸው ግን እንዳዩኝ መስቀሉን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱና ዞር ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ያውም ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት።

ደሜ ፈላ። እርስዎም ቁምጣዬ አስጠላዎት? አልሁ በሆዴ። ያን ዳገት የወጣሁት በንዴት ነው፤ ሁለቱን ሴቶች የት ላይ እንደጣልኋቸው አላውቅም። አንደኛ ገባሁ። ትናንት ሲያሙኝ የነበሩት ሁሉ "የኛ ልጅ" እያሉ ተሸከሙኝ። እኔ አለቅሳለሁ፤ ሰዉ የደስታ እንባ መስሎታል።

አባ እያለከለኩ ደረሱ። ሰዉን በከዘራቸው ገለል ገለል አድርገው ፊቴ ቆሙ።

"የዳባቱን ሰምቻለሁ" አሉኝ። "መስቀሌን ካየሽ ትወርጃለሽ ብዬ ነው የሸሸግሁት፣ ልጄ።" ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡት። "በይ አሁን ተሳለሚ።"

ከነላቤ፣ ከነቁምጣዬ፣ ከተማው ሁሉ እያየ ተሳለምሁ።