ሳትሞላ የተነሳችው መርከብ

ባለፈው ኅዳር ከአባባ ጋር ሊሙ ገነት ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ የተሳፈርንበት ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሎት መናኸሪያው ውስጥ ተገትሮ ቀረ። አንድ ሰው! ረዳቱ "ጅማ አንድ ሰው! ጅማ የቀረ አንድ!" እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮሃል። መስኮቱን ስከፍተው የተፈለፈለ ቡና ሽታ፣ ያ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነው የኅዳር ሽታ ገባ። ይህ መንገድ አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላ ሰው አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩበት ነው። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ሹፌሩን አዩና "ይሄ ልጅ መርከባችንን አላያትም" አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። ከጎናችን የተቀመጡት ሴትዮ ግራ ገብቷቸው ዞሩ። አይፈረድባቸውም፤ ከሊሙ እስከ ጅማ መርከብ የሚያስኬድ ውኃ የለም።

ነገሩ የሆነው የማትሪክ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት ነው። ዕድሜዬ አስራ ሰባት ነበር። ጅማ ውስጥ ጊንጆ፣ እኛ ሰፈር፣ መስፍን የሚባል ሰው ስምንት ኮምፒዩተሮች በገመድ አያይዞ ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። ያን ክረምት የሁሉንም ልብ የሰረቀው አንድ የጠፈር ጌም ነው። በትንሽ የጭነት መርከብ ይጀመርና ከፕላኔት ፕላኔት ማዕድንና እህል እያመላለሱ መነገድ ነው። መስፍን ታዲያ ውድድር አወጀ። ጳጉሜን ሲያልቅ አንደኛ የወጣው ቡድን ስም በጌም ቤቱ በር ላይ በቀለም ይጻፋል። ሽልማቱ ይኸው ብቻ ነው። ዛሬ ሳወራው ይቀላል፤ ያኔ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ብቸኛዋ ሴት እኔ ነበርኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እናቴን "ኧረ ይቺ ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች?" እያለ ያስጨንቃት ነበር። ስሜን በር ላይ እንዲያነቡልኝ ፈለግሁ። ያውም በትልቁ ተጽፎ።

የቡድን አጋሬ የክፍል ጓደኛዬ ኑረዲን ነው፤ አባቱ እዚያው ጅማ መርካቶ ጨርቅ ይሸጣሉ። ውድድሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አራተኛ ነበርን። በጭነት ከቀጠልን አራተኛ ሆነን እንደምንጨርስ የታወቀ ነው። ጌሙ ውስጥ ግን ማንም ያልደፈራት አንዲት የመንገደኛ መርከብ ለሽያጭ ቆማ ነበር። አርባ ወንበር አላት። እሷን ለመግዛት የጭነቷን ሸጠን፣ ያጠራቀምነውን ሁሉ መጨመር ነበረብን። ሰው ካጣች ነዳጇ ይበላናል፤ ያኔ መጨረሻ ወጥተን የሰፈር መሳቂያ መሆናችን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ፣ የመስፍን ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ እየወረደ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን ተጨቃጨቅን።

"ወላሂ ጭነት ይሻላል" አለ ኑረዲን። "ማዕድን ዘገያችሁ ብሎ አይሰድብም።"

"አራተኛ መውጣት ይሻላል?"

"ማል ጎና ታዲያ?"

"ምን እንደምናደርግማ አባባን እጠይቃለሁ" አልኩት።

ማታ እራት ላይ ጠየቅኋቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። እንጀራውን በእጃቸው እንደያዙ በጥሞና አዳመጡኝ።

"ስንት ሰው ትጭናለች?"

"አርባ።"

"መንገዱስ እንዴት ነው?"

"መንገድ የለውም አባባ፣ ጠፈር ነው።"

"ተመስገን! ጭቃ የለም ማለት ነው" አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና "እዚያ አገር የገበያ ቀን መቼ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም አልኳቸው።

"ገበያውን ሳታውቂ ነው ልትገዢ የተነሳሽው? እኔ ደግሞ ገበያውን ሁሉ አውቄ ሳልገዛ ቀረሁ።"

ወሬውን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አንድ የሥራ ባልደረባቸው ተጋርተን ቅጥቅጥ አውቶቡስ እንግዛ ብሏቸው ነበር። አባባ ላስብበት አሉ። ዓመት አሰቡ። ሰውየው ከሌላ ጋር ገዛ፤ ከዚያ ወዲያ ሊሙ መንገድ ላይ ባለፋቸው ቁጥር ጡሩምባ ይነፋላቸዋል። ለሰላምታ ነው፤ አባባን ግን አንጀታቸው ድረስ ይሰማቸው ነበር። እጃቸውን ታጥበው ሲነሱ "ግዢ" አሉኝ። 

በማግስቱ ገዛናት። ስሟንም "ሊሙ" አልናት።

የመጀመሪያው ጉዞ ጉድ ሠራን። ሁለታችንም የጅማ ልጆች ነን፤ መኪና ሳይሞላ ይነሳል ብሎ ማን አስተማረን? ሠላሳ ሰው ገባ፤ ቆምን። ሠላሳ አምስት ሆነ፤ ቆምን። "ትንሽ ነው የቀረው፣ እንጠብቅ" ይላል ኑረዲን። ለካ የጌሙ መንገደኞች ትዕግሥት አላቸው፣ ትዕግሥቱም ያልቃል። አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር፤ በአስራ አንድ ሰው ተነሳን። ጌም ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "ተራ አስከባሪ ጥሩላቸው!" አለ አንዱ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ጭስ ነው አልኩ እንጂ ጭስ አልነበረም።

አባባ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እዚህ ሰው የሚጠብቀን ወዶን መሰለሽ? ሌላ መኪና ስለሌለው ነው። አማራጭ ያለው ይወርዳል። አንቺ በሰዓትሽ ተነሺ፤ የቀረው መንገድ ላይ ይሞላል። ሠራተኛ የሚበዛበትንም ፈልጊ። ቡና ለቀማ ሲደርስ እኛ ወዴት ነው የምንሮጠው?"

ፈለግን፣ አገኘንም። ከፕላኔቶቹ ባሻገር ባለች አንዲት ጨረቃ ላይ ማዕድን ቆፋሪዎች በየአምስት የጌም ቀኑ ፈረቃ ይቀያየራሉ። ለጭነት ስንሄድባት ከርመን ሰዎቹን ልብ ብለን አይተናቸው አናውቅም! እንደ ለቀማ ወቅት ሠራተኛ ግር ብለው ይጠብቁናል። በሰዓታችን ደረስን፣ በሰዓታችን ተነሳን። በሳምንቱ ሦስተኛ ሆንን፤ ቀጥሎም ሁለተኛ። ሲስቁብን የነበሩት ወንበራቸውን አዙረው የእኛን ስክሪን ያዩ ጀመር።

በመጨረሻው ቀን፣ በጳጉሜን ዝናብ፣ አባባ ተራቸውን ለጓደኛቸው ሰጥተው ጌም ቤት መጡ። ካፖርታቸው ውኃ ያንጠባጥባል። መስፍን ወንበር ቢያቀርብላቸው እምቢ ብለው ከኋላችን ቆሙ። የቀረችን አንድ ጉዞ ናት። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ገባ። አንድ ወንበር ባዶ ነው፤ ሰዓቱም ደርሷል።

ኑረዲን እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። "አንድ ብቻ! ጋሼ፣ አንድ ሰው እንጠብቅ?"

አባባ እንደ መኪና ረዳት ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። "ሳበው!"

"ሃ ዴምኑ! እንሂድ!" ብሎ ኑረዲን ቁልፉን ተጫነ። ውድድሩ ሊዘጋ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። አንደኛ! ጩኸታችን ከዝናቡ በላይ ተሰማ። አባባ ኑረዲንን አቅፈው አነሱት፤ እኔን ግንባሬን ሳሙኝ። በአዲስ ዓመት ዋዜማ መስፍን በሩ ላይ ስማችንን በቀይ ቀለም ጻፈ፣ የእኔን ከላይ። እናቴ ከዚያ ወዲያ በዚያ በር ሳታልፍ የምትውልበት ቀን አልነበረም፤ ጎረቤት ይዛ ነበር የምታልፈው።

በሩ ዛሬ የለም፤ ጌም ቤቱ ፀጉር ቤት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስለውጥም፣ ቤት ስሠራም ብዙ ሰው "ቆይ፣ እስኪሟላ" ብሎኛል። አልቆየሁም፤ አልቆጨኝምም። አባባ ግን መኪና ሳይገዙ ጡረታ ወጡ። ይህ ሲያሳዝነኝ ኖሯል።

ሚኒባሱ ውስጥ ሴትዮዋ መታገሥ አቃታቸውና "አባቴ፣ ለመሆኑ መኪና ነበርዎት?" ብለው ጠየቁ።

አባባ ቀና አሉ። "መኪናስ አልነበረኝም። ከልጄ ጋር መርከብ ነበረን። አርባ ሰው ትጭናለች፣ በሠላሳ ዘጠኝ ትነሳለች!"

ይህን ብለው የሚኒባሱን ጎን በመዳፋቸው መቱና "ሳበው!" ብለው ጮኹ። ሹፌሩም ረዳቱ መስሎት ሞተሩን አስነሳ።