ጉዳዩ፦ ሕመምን አስቀድሞ ስለማሳወቅ

ጉዲቱ ቤቴል ካለ የግል ኮሌጅ ገብታ በሁለተኛው ሳምንት ሳንባዋን ታመመችና ትምህርቷን አቋረጠች። ክፍያው ኮልፌ ቅመም ለሚቸረችሩት እናቷ ከደረሳቸው ዕቁብ የወጣ ነበር፤ ትምህርቱ ቢቆምም ዕቁቡ በየእሑዱ ይጣላል።

ስትድን ገንዘቡ ይመለስልኝ ብላ ሄደች። ሬጅስትራሯ በትዕግሥት አስረዷት።

«ተመላሽ የሚፈልግ ተማሪ ከማቋረጡ አሥራ አምስት ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል።»

«እንደምታመም በምን አውቄ?»

«እሱ የእኛ ጉዳይ አይደለም።»

ጉዲቱ ጥፋቷን አመነች። ሳያስፈቅዱ መታመም ለካ ነውር ኖሯል! እናቷ ሌላ ዕቁብ ገብተውላት እንደገና ስትመዘገብ፣ ከፎርሙ ጋር ማመልከቻ አስገባች፦ «ጥር አሥራ ሁለት ቀን ለመታመም ስላሰብኩ ከወዲሁ አሳውቃለሁ።»

ሬጅስትራሯ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«የሐኪም ማስረጃውስ የታል?»